ርችት ሠሪው ያወቃት ወይም ያላወቃት

ስለ ቶሪቢዮ ማንሲያ በሰፈራችን ያልተወራ የለም። ግማሹ ሰው ውሸታም ነው ይለዋል፣ ግማሹ ጅል ነው ይለዋል። እኔ ሁለቱንም ብዬዋለሁ፣ ያውም ፊት ለፊት። ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ አበልጄ ስለሆነ እሱን መስደብ መብቴ ነው፤ ሌላ ሰው ሲሰድበው ግን ደሜ ይፈላል። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር። የማላውቀውንም አልደብቅም፤ እንዲያውም እሱ ሳይበዛ አይቀርም።

ርችት ሠሪ ነበር። በሊማ ንግሥ የሌለበት ሳምንት ስለሌለ ርችት ሠሪ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በካርመን ማርያም ደጃፍ ከሸምበቆና ከወረቀት የሚያቆመው ግንብ ከሥሩ እስከ አናቱ እሳት ሲተፋ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት እንኳ ድልድዩን ተሻግረው ይመጡ ነበር። ቅንድብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ይበቅላል፣ ባሩዱ ያቃጥልበታል፤ እንደገና ይበቅላል፣ እንደገና ይቃጠላል። በዚህ የተነሣ ቢቆጣም፣ ቢራብም፣ ቢያዝንም ፊቱ ያው የገረመው ሰው ፊት ነው። ከዚያ ፊት ላይ አንዳች ነገር አነበብኩ የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል።

ኩራቱ ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ ዓመት የደብሩ አለቃ በሰው ፊት ጠርተው፣ ለመሆኑ በቂ ባሩድ ጨምረሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ቶሪቢዮ መልስ አልሰጠም። ግንቡን ሸምበቆ በሸምበቆ ፈታትቶ፣ በአህያ ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደውና የዚያን ዓመት ማርያም ያለ ርችት ነገሠች። አለቃው ቤቱ ድረስ ሄደው ይቅርታ እስኪሉት ድረስ እሳት አልለኮሰላቸውም። እኔ ያኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሰው በቄስ ላይ ሲኮራ ያስቃል። በሚወዳት ሴት ላይ ሲኮራ ግን እንደማያስቅ በኋላ አየሁት።

መልቾራ ቪያልታ የምትባለው ደግሞ እኔ ከምሸጥበት ማእዘን ፊት ለፊት፣ ከታናሽ እህቷ ከፔትሮኒላ ጋር ትኖር ነበር። ኑሯቸው ትምባሆ መጠቅለል ነው። ሁለቱም ረጃጅም፣ ሁለቱም ቀጫጭን፣ ከኋላ ሲታዩ የቷ የቷ እንደሆነች የወለደቻቸው እናት ራሷ ትሳሳት ነበር። ልዩነታቸው ሲናገሩ ነው። ፔትሮኒላ ዝምተኛ ናት፤ መልቾራ ምላሷ ስለት ነው። አንድ ጊዜ አደባባይ ላይ ጥርስ ነቃዩ ዘንድ ሄዳ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቧት እያየ መንጋጋዋን ሲነቅልላት እንኳን ልትጮህ ፊቷን አላጨማደደችም። ሲጨርስ ደሟን በመሐረብ ጠረገችና ይኸው ነው ወይ ብላው ሄደች። ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ራሷን ስታ እንደወደቀች የነገረችኝ ፔትሮኒላ ናት።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ተዋደዱ። የት ቢባል እኔው ድስት ሥር። እኔ ማሳሞራ እሸጣለሁ፣ ከሐምራዊ በቆሎ የሚሠራውን ጣፋጭ ገንፎ፤ እሱ ከባሩዱ ሲነሣ፣ እሷ ከትምባሆዋ ስትነሣ፣ ሁለቱም ሳህን ይዘው አጠገቤ ይቆማሉ። ሲቀላለዱ ድስቱ እስኪያር ድረስ አፌን ከፍቼ እሰማቸው ነበር። እሷ ስትወጋው እሱ ይመልሳል፣ እሱ ሲወጋት እሷ ትደግመዋለች፤ አንዳቸውም ተሸነፍኩ ብለው አያውቁም። ጋብቻው በነሐሴ፣ በቅድስት ሮዛ ሰሞን ሊሆን ተቆረጠ። ደስ አለኝ። የማንም ሠርግ እንደዚያኛው ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ እኛ የሊማ ሴቶች የምንወጣው ተከናንበን ነው። ጠባቡን ሽንሽን ቀሚሳችንን፣ ሳያን ለብሰን፣ ጥቁሩን መከናነቢያ፣ ማንቶን ከወገባችን አንሥተን በራሳችን ላይ ጥለን፣ አንድ ዓይን ብቻ ትተን። የተከናነበች ሴት ስም የላትም። ማንቶዋን መንካት ነውር ነው፤ ብታውቃት እንኳ ስሟን መጥራት ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ባል የገዛ ሚስቱን ሲለክፍ፣ ሚስትም የገዛ ባሏን ስትለክፍ ውላ ማታ ቤት ተገናኝተው ምንም እንዳልተፈጠረ ሾርባቸውን የሚጠጡበት ከተማ ነበር። ማን ማንን አወቀ፣ ማን አላወቀም፣ አይጠየቅም። በዚህ ጨዋታ ያላበደ ሰው ጤነኛ ነበር ማለት ነው።

በሰኔ የቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ከተማው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወደ አማንካይስ ኮረብታ ይወጣል፤ ካፊያው ኮረብታውን አርሶት ቢጫው አበባ የሚፈነዳበት ሰሞን ነው። እኔም ድስቴን በበቅሎ ጭኜ ወጣሁ። መልቾራ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ አልመጣም ብላ ቀረች። ቶሪቢዮ ብርድ ልብስ መሳዩን ፖንቾውን ከድስቴ አጠገብ አንጥፎ፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ተቀመጠ። ጉሙ ወረድ ብሎ ስለነበር ሰው ከቅርብ ካልሆነ በደንብ አይታይም።

አንዲት የተከናነበች ሴት ከጉሙ ወጣች። ሳያዋ አሮጌ፣ ጫፉ የተበጣጠሰ፤ እሱም ያን ጊዜ ፋሽን ስለነበር ድሃ ትሁን ሀብታም አይለይም። ያለ ግብዣ ፖንቾው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። በቀጭን፣ በተለወጠ ድምፅ ብቻህን ነህ ወይ አለችው። እሱም እስካሁን ነበርኩ አላት። ጓደኞቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አንድ ሁለት ተባባሉ፤ እሱ እንደ ልማዱ ለእያንዳንዱ ቃል ቃል አለው።

"እጮኛ የለህም?" አለችው።

"አለችኝ። ጉሮሮዋን አሟት ተኝታለች። እግዜር ምሕረቱን ይላክላት፤ ግን አይቸኩል።"

"ቆንጆ ናት?"

"ትምባሆ ጠቅላይ ናት፣ እመቤቴ። ምላሷ ከምትጠቀልለው ትምባሆ ይመራል። አንቺን ቀድሜ አግኝቼሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቄስ እንፈልግ ነበር።"

ይህን ብሎ ከባርኔጣው ላይ ቢጫ አበባውን ነቅሎ ሰጣት። እሷ አበባውን ተቀበለች። ከዚያ የሊማ ሴት በሰው ፊት የማታደርገውን አደረገች፤ ማንቶዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ኋላ ጣለችው። መልቾራ ናት። ፊቷ እንደ አመድ ነጥቷል።

"እስቲ አሁን ፈልገው፣ ቄሱን" አለችው በገዛ ድምፅዋ።

ቶሪቢዮ ሳቀ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከልቡ ነው የሳቀው። ከጉሙ ብቅ ካልሽ ጀምሮ አውቄሻለሁ አላት፤ አንቺም እንዳወቅሁሽ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የተጫወትኩት አላት። እሷ አልሳቀችም።

"በምን አወቅኸኝ?"

"አወቅሁሽ አልኩሽ እኮ።"

"በምን? በእጄ በል፣ በጫማዬ በል፣ በዓይኔ በል። አንድ ነገር ብቻ በልና በነሐሴ አገባሃለሁ።"

ማንኪያዬን ይዤ ቀረሁ። ቶሪቢዮ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ያ የማውቀው ነገር፣ ግንቡን በአህያ ያስጫነው ነገር፣ አንገቱ ላይ ሲወጣ አየሁት።

"ቃሌን የምትመዝን ሴት አላገባም" አላት።

መልቾራ ተከናነበች። በቅሎ እንጥራልሽ ብንላት አልሰማችንም፤ ከዚያ ኮረብታ እስከ ቤቷ ድረስ በእግሯ ወረደች። አበባውን ግን አልጣለችውም፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለምን እንዳልጣለችው አልጠየቅኳትም።

ሰው ሁሉ አንቺ እዚያ ነበርሽ፣ ምን አየሽ ይለኛል። ያየሁትን ልናገር። ሴትዮዋ ከጉሙ ስትወጣ ቶሪቢዮ ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግ አለ። ታዲያ እሱ ለምትመጣ ሴት ሁሉ ፈገግ ይላል። ስትቀመጥ ፖንቾውን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀላት። ለማንም ቢሆን ይለቃል። ስለ ትምባሆ ጠቅላይዋ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ተንኮል ነበረበት። ግን የቱ ዓይነት ተንኮል ነው፣ ለእጮኛው የሚቃጣ ነው ወይስ ከእጮኛው የሚሸሸግ? አሁንም ድረስ እያነሣሁ እጥለዋለሁ፣ ውሉ አልገኝ ብሎኛል።

በማግስቱ ሁለቱም ለየብቻ ድስቴ ሥር መጡ። እሱ ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት። እሱን እንዲህ አልኩት፤ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቃል ጣል ብታደርግላት ምናለበት፣ በጫማሽ አወቅሁሽ በላት፣ ባይሆንም በላት። በምን እንዳወቅኳት እኔም አላውቅም አለኝ። ስትመጣ እሷ ነበረች፣ አለቀ። ሰው የገዛ ቤቱን በር በምን ያውቀዋል? ደግሞ እውነት ላይ ውሸት አልጨምርም አለኝ። እሷን ደግሞ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ማንም ወንድ እንዲህ ሲቀልድ ይውላል፣ አውቄሻለሁ ካለሽ እመኚው አልኳት። ሳህኗን አስቀመጠች። ካወቀኝ ለምን አንድ ምልክት አጣ፣ ካላወቀኝ ደግሞ በገዛ ፊቴ ሸጠኝ አለችኝ። ከሁለቱ አንዱን እስካላወቅሁ ድረስ አጠገቡ ተኝቼ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች። የእሷን ስሰማ እሷ ልክ ናት፣ የእሱን ስሰማ እሱ ልክ ነው። እኔ በመካከላቸው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኜ ቀረሁ።

ነሐሴ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ነሐሴ መጣ። ቶሪቢዮ ሌላ ሴት አላገባም። ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ በዚህ መካከል ነው፤ በዕለቱ ደጄ ላይ የለኮሰው ርችት የጎረቤቴን ጣሪያ አቃጥሎብኛል። መልቾራንም ለጋብቻ ጠየቋት፣ አንድ መርከበኛና አንድ ዳቦ ጋጋሪ፤ ሁለቱንም በምላሷ ቆርጣ ሰደደቻቸው። በካርመን ማርያም ንግሥ ግንቡ ሲለኮስ ሰፈሩ ሁሉ ሰገነት ላይ ይወጣል፤ የቪያልታ እህቶች ሰገነት መስኮቱ ዝግ ነው። ከበስተኋላው ግን ሰው ቆሞ እንደሚያይ ቶሪቢዮም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳንዴ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ፤ እሱ ባርኔጣውን ያነሣል፣ እሷ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ይተላለፋሉ። አንዱ ቆም ቢል ኖሮ ሌላው ይቆም ነበር፣ በዚህ እምላለሁ። ቀድሞ የሚቆም ግን ጠፋ።

ከተማውም ተለወጠ። ወደ ካያኦ ወደብ ባቡር ተዘረጋ። ወጣቶቹ ሴቶች የፈረንሳይ ቀሚስና ባርኔጣ አመጡና ሳያና ማንቶ ሣጥን ገባ፤ በመጨረሻ ተከናንበን የምንወጣው እኛ አሮጊቶቹና ለነገር የሚወጡት ብቻ ሆንን። ቶሪቢዮ ፀጉሩ ሸበተ። መልቾራ ወፍራ፣ ወገቧ ሰፍቶ፣ አረማመዷ ከበደ፤ ፔትሮኒላም እንዲሁ። አሁንም ከኋላ ሲታዩ አንድ ናቸው። ምላሷ ግን አልደነዘም።

ከዚያ ፔትሮኒላ በስንት ዘመኗ ባል አገኘች፣ ከዋቾ ጨው እያመጣ የሚነግድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው። ሠርጉ እዚያው ዋቾ እንዲሆን ተባለ። መልቾራ ብቻዬን ባዶ ቤት አልቀመጥም፣ ገዳም እገባለሁ አለች፤ ቦታ ተገኝቶላት፣ የሚቀራት ዕቃዋን ማደል ብቻ ሆነ። ወሬው ቶሪቢዮ ጆሮ ደረሰ። ሰውዬው ስንት ቀን ሸምበቆ ሳይነካ ሰነበተ።

እኔ በዚያ ሳምንት ካያኦ ነበርኩ። ልጄ ምጥ ይዟት በባቡር ሄጄ፣ ሕፃኑ ተገላብጦ መጥቶብን እዚያው ከረምኩ። የሆነውን የሰማሁት ከሁለቱም አፍ ነው፤ በዚህ በኩል እንኳ ታሪካቸው አንድ ነው፣ ቃል አይዛነፍም።

በመጀመሪያ የመልቾራን። ፔትሮኒላ ዕቃዋን ስታስር ድንገት ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ከአማንካይሱ ጉድ በፊት፣ በዚያው ዓመት፣ የመልቾራን አዲሱን ሳያ፣ የመልቾራን ማንቶ፣ የመልቾራን ጫማ አድርጋ በቶሪቢዮ ደጅ አልፋ ነበር። ልትፈትነው ነው። እሱ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል ለእህትሽ ሰላም በያት አላት። የእህቷን ልብስ ለብሳም አልተሳሳተም። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ስትላት፣ ስለምወደው ነበር የሄድኩት፣ ስለዚህ አፈርኩ አለቻት። መልቾራ አልተቆጣችም። ያን ቀን ሙሉ ትምባሆ ሳትነካ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ዓመት፣ እውነቱን ተናግሮኝ ነበር፤ ይህን እያለች ነው የዋለችው።

የእሱ ደግሞ ይህ ነው። ፔትሮኒላ ገበያ ላይ አግኝታው ከመሄዴ በፊት ቤትህ መጥቼ ስለ እህቴ እናወራለን ብላው ነበር። ወዲያው ግን ወደ ዋቾ የምትሄደው መርከብ ቀኗ ተቀደመና ፔትሮኒላ ቃሏን ሳትፈጽም ተሳፍራ ሄደች። ቶሪቢዮ ይህን አልሰማም። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያለ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

መልቾራ እህቷን እስከ ባቡሩ ሸኝታ ተመለሰችና በማግስቱ ሣጥኗን ከፈተች። ፊቷን ገልጣ ቶሪቢዮ ቤት መግባት ሞቷ ነው፤ ሳያዋን ለበሰች፣ ማንቶዋን ጣለች፣ አንድ ዓይን ትታ ወጣች። ያሰበችውን ነግራኛለች። ገብታ ትቀመጣለች፤ እሱ እንደዚያን ጊዜው ያውቃታል፤ ሲያውቃት ማንቶዋን ትገልጣለች፤ ከዚያ አምኜሃለሁ፣ ይቅር በለኝ ትለዋለች። ይህቺ ጥርሷን ሲነቅሏት ያልተነፈሰች ሴት ይቅር በለኝ የሚለውን ቃል እየተለማመደች ነው መንገዱን የሄደችው።

ቶሪቢዮ ያን ቀን ገና ሸምበቆውን መልሶ አንሥቶ ባሩድ እየጠቀጠቀ ነበር። የተከናነበችዋን ሴት በር ላይ ሲያያት እጁን ጠረገና ተነሣ።

"ግቢ፣ ግቢ። ስጠብቅሽ ነበር" አላት።

አወቀኝ፣ ሳልናገር አወቀኝ ብዬ አግዳሚው ላይ ዘጭ አልኩ አለችኝ መልቾራ። እጇን ወደ ማንቶዋ አነሣች። ግን እሱ ቀደማት፤ ዓይኑን ሸምበቆው ላይ ተክሎ ይናገር ጀመር።

"ኩራቴ ሳይመለስብኝ ቶሎ ልበለው። ለእህትሽ እንዲህ በያት። የዚያን ቀን አላወቅኳትም። ሌላ ሴት መስላኝ ነው የተጫወትኩት። እሷ ልክ ነበረች፣ እኔ ዋሸሁ። ይህን በያትና ገዳሙን ትተወው። ከዚህ ሌላ የምፈልገው የለኝም።"

ለእህትሽ። መልቾራ እጇን ከማንቶዋ ላይ አወረደች። እሱ መልስ ሲጠብቅ፣ እሷ በዚያ በተለወጠው ቀጭን ድምፅ፣ "እነግራታለሁ" አለችውና ወጣች።

እኔ ከካያኦ ስመለስ ቶሪቢዮ ደጄ ላይ ቆሞ ነው ያገኘሁት። ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ። ፔትሮኒላ መጥታ ነበር፣ ልትነግራት ቃል ገብታልኛለች፣ መልሱ ግን ዘገየብኝ አለኝ። የቷ ፔትሮኒላ አልኩት። ፔትሮኒላን ባለፈው ሐሙስ ካያኦ ወደብ ላይ መርከብ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ፣ ሕፃኑንም ስማው ነው የሄደችው። መቼ መጣችልህ ብለው ዓርብ አለኝ። ተያየን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰከረ ሰው፣ ማእዘኑ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እውነት ነው ወይ ያልካት አልኩት። የዚያን ቀን አላወቅካትም?

"አውቄያታለሁ" አለ። "እንዴት አላውቃትም? አላወቅሁም ያልኩት ኩራቴን ልሰጣት ብዬ ነው። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።"

ማንቶዬን እንኳ ሳላስተካክል መንገዱን ተሻግሬ ሮጥኩ። መልቾራ ባዶ ክፍል ውስጥ አንዲት ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወንበሩም ጠረጴዛውም ታድሎ አልቋል። የሆነውን ከእሷ አፍ ሰማሁ። ከዚያ የኔን ተናገርኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ውሸቱን የተናገረው ላንቺ ብሎ ነው አልኳት። ፔትሮኒላ መስለሽው ነው፤ እውነቱ የመጀመሪያው ነው፣ አውቆሽ ነበር። ፔትሮኒላንስ ያንቺን ልብስ ለብሳ አውቋት የለ? ለእህትሽ ሰላም በያት ብሏት የለ?

መልቾራ ሰማችኝ። በትዕግሥት ነው የሰማችኝ፣ እሱ ነው ያስፈራኝ።

"ሊማ ውስጥ እህት የሌላት ሴት ማን አለች?" አለችኝ። "እሱ ለተከናነበች ሁሉ ለእህትሽ ሰላም በያት ሲል ኖሮ እንደሆነስ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ታጠብቂያለሽ።"

"ስሚኝ፣ ካሲልዳ። ዓርብ ዕለት ካወቀኝ፣ አላወቅኳትም ሲል ለራሴ ነው የተናገረው፣ እንግዲያው እውነቱን ተናገረ ማለት ነው። ዓርብ ዕለት ካላወቀኝ ደግሞ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያላወቀኝ ሰው ያን ጊዜ በጉም ውስጥ እንዴት አወቀኝ?"

መልስ ፈለግሁ። አርጅተሻል፣ ወፍረሻል፣ እህትሽን እየጠበቀ ነበር አልኩ። ሁሉም እውነት ነው፤ ስናገረው ግን ለኔ ለራሴ ሰበብ ሰበብ ሸተተኝ። ታምኚው ነበር ወይ፣ ዓርብ ስትሄጂ፣ አልኳት። አምኜው ነበር አለች፣ በመንገድ ላይ እስከ በሩ ድረስ። ከዚያ አለቀሰች። መልቾራ ስታለቅስ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አቀፍኳት፣ እኔም አለቀስኩ፣ በማን እንደተናደድኩ እንኳ ሳላውቅ።

ነገ ጠዋት ገዳም እንደምትገባ ነገረችኝ። ለእሱ የምነግርልሽ ነገር አለ ወይ ብላት፣ ያልኩሽን ንገሪው፣ መልስ ካለው እሰማለሁ አለች። አሁንም በሩን አልዘጋችውም፤ አንድ ነገር ብቻ እንዲናገር ነው የፈለገችው፣ እንደዚያን ጊዜው።

ቶሪቢዮ ከድንጋዩ ላይ አልተነሣም። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። እየነገርኩት ያን መልስ እጠብቃለሁ፣ ሲምልልኝ የኖረውን፤ አውቄያታለሁ፣ አለቀ። ይህን ካለ መንገዱን አሻግሬ እየጎተትኩ ልወስደው ተዘጋጅቻለሁ። ሌላ ነገር ባይጨምር እንኳ በሩ ላይ ቆሞ እሱን ብቻ ቢላት ገዳሙን የምትተወው መስሎኝ ነበር።

አፉን ከፈተ። ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የጠፋበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው።

"አበልጄ" አለኝ፣ "አንቺ እዚያ ነበርሽ። አውቄያት ነበር?"